የሊቀመንበሩ አፍንጫ

ሊቀመንበሩ ለሁለት የተገመሰ ሽንኩርት አፍንጫው ላይ ደቅኖ፣ እንባው በሁለት ጉንጩ እየወረደ፣ በመነጽር ቤቱ ጓዳ ውስጥ ቆሟል። ዓይኑ የሚችለውን ያህል አልቅሷል፤ አፍንጫው ግን ወይ ፍንክች! ሽንኩርቱን አስቀመጠና የሌንስ መወልወያውን አልኮል ከፍቶ ማገው። ጉሮሮውን ለበለበው እንጂ ሽታ የሚባል ነገር ድራሹ የለም። ከሚስቱ ሽቶ ሰርቆ መሐረብ ላይ ነስንሶ መጥቶ ነበር፤ እሱንም ሞከረ። ውሃ ማሽተት ይሻላል።

"ጋሼ! ምን ሆነህ ነው?"

ዘወር ሲል የሚስቱ ታናሽ ወንድም በሩን ሞልቶት ቆሟል። ሰፈሩ በሙሉ "ኮርኒስ" ነው የሚለው። የጂፕሰም ኮርኒስ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ቁመቱ መሰላል አያስፈልገውም እየተባለ ይቀለድበታል።

"ምንም አልሆንኩ። ዓይኔን ላጥራው ብዬ ነው።"

"በሽንኩርት?"

"አዲስ የመጣ ነገር ነው። ደግሞ አንተ ሰው ጓዳ ስትገባ ማንኳኳት የሚባል ነገር አታውቅም?"

ኮርኒስ "ይቅርታ ጋሼ" አለና ሽንኩርቱን በአክብሮት ተመለከተው። ነገ የራሱን ዓይን በሽንኩርት ሲያሽ ቢገኝ አይገርምም። የልጁ ጣጣው ይኼ ነው፤ ጋሼ ያለው ሁሉ ለእሱ የተፈተነ እውነት ነው። እህቱን ሲያገባት ገና የደብተር ቦርሳ የሚያንጠለጥል ልጅ ነበር፤ ያኔ በቀና ዓይን እንዳየው እስከ ዛሬ አለ።

"የምሥራች ይዤልህ መጣሁ" አለ ኮርኒስ፣ በርጩማ ስቦ እየተቀመጠ። "ኮንትራክተሩ እሺ አለ። ዛሬ ዶክተር ቤት ይመጣል። ከዚያው ከራሱ ሳጥን አንድ ሲጋር ይዞ ይመጣና አንተ ፊት ለፊቱ አጭሰህ ትፈርዳለህ። 'ሰውዬው አዋቂ ከሆነ ይንገረኝ፤ ፎርጅድ ከሆነ እኔም ተታልያለሁ፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ' አለኝ። እንዴት ነው? ጨዋታው አበቃ አይደል?"

ሊቀመንበሩ መሐረቡን አነሳና ፊቱን ጠረገ። 

"ዛሬ?" አለ።

"ዛሬ ነዋ! ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ሁነኛ ሥራ ሳላገኝ የሰው የሚያፈስ ጣሪያ ስለጥፍ የከረምኩት ለዚች ቀን ነው። የሆቴሉን ኮርኒስ ነጥቆኝ ለሌላ ሊሰጠው ነው እየተባለ እንኳ አልለመንኩትም። ለምን? አንተ ስላልክ!"

እንግዲህ ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ሊቀመንበር የተባለው ማንም ሾሞት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥርስ ሐኪሙ ሳሎን ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ኳስ ካለ ኳስ፣ ከሌለ ቦክስ፣ እሱም ከጠፋ ዶክተሩ የሚወደውን የአራዊት ፊልም ያያሉ፤ አንበሳው ሚዳቋዋን እስኪይዛት ድረስ ይከራከራሉ። በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ሰው ጥሩ ሲጋር፣ ያን በቅጠል የተጠቀለለ ወፍራም ሲጋራ፣ ይዞ ይመጣል። ታዲያ አንድ ሕግ አላቸው፦ ሊቀመንበሩ ሳይናገር አፍ የሚከፍት የለም። እሱ መጀመሪያ ቅጠሉን በጣቱ ይዳብሳል፣ ያሸታል፣ ይለኩሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። "ሲጀምር የተቆላ ለውዝ፣ መሐሉ ላይ ዝግባ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፤ ከመቶ ሰማንያ ስምንት።" ሌሎቹም አንገታቸውን ነቅንቀው ለውዝና ዝግባ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ይገርማል፣ ሁልጊዜም ያገኙታል።

ደግሞም እውነቱን ለመናገር ያኔ አፍንጫ ነበረው። የሰው ኮት አሽቶ ምሳ ምን እንደበላ ይናገር ነበር። አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘውና ጉንፋኑ ሲሄድ አፍንጫውን ይዞት ሄደ። ይመለሳል ብሎ ጠበቀ። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ምን ብሎ ይናገር? እንደ እሱ ያለ፣ በሌላው ነገር ሁሉ መካከለኛ የሆነ ሰው፣ በዚች ምድር ላይ "አንተ ተናገር" የሚባልበት ቦታ ያቺ ሳሎን ብቻ ናት። የአመዱን ንጣት እያየ፣ የቅጠሉን ልስላሴ እየዳበሰ፣ የድሮ ቃላቱን እየለዋወጠ ቀጠለ።

አንድ ቅዳሜ ግን ሊያዝ ምንም አልቀረውም። ሊቀመንበሩ ዶክተሩ ያመጣውን ሲጋር "ዝግባው ግሩም ነው" ብሎ ሲያወድስ፣ ራዲዮ የሚሉት ጓደኛቸው፣ ወሬ የማያልቅበት የጉዞ ወኪል፣ "እኔን ግን ሆስፒታል ሆስፒታል ሸተተኝ" አለ። ለካ ዶክተሩ ሲጋሩን ያስቀመጠው ከአፍ ማጠቢያ መድኃኒቱ ጋር በአንድ መሳቢያ ነው። ሳቁ፤ ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ፤ ማታ ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮርኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ተራ አንድ ሙሉ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ኮንትራክተሩ የቪላውን ኮርኒስ አሳምሮ ስለጨረሰለት በስጦታ የሰጠው ነው። ልጁ ሳጥኑን በሁለት እጁ አቅርቦ ከፈተው። ሊቀመንበሩ ግን ያን ቀን የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደግሞ መጥፎውን አወድሼ እንዳልያዝ። ጨካኝ የሆነ ሰው አይጠረጠርም ብሎ አሰበ። ሁለቴ ሳበና "ፎርጅድ ነው" አለ። "የሙዝ ቅጠል ነው የጠቀለሉብህ።" ዶክተሩ ወዲያው የሙዝ ቅጠል ሸተተው፤ ራዲዮ ደግሞ ቅርፊቱም አለበት አለ። ኮርኒስ አብሯቸው ሳቀ፣ ሳጥኑን ከደነ፣ በነጋታው ኮንትራክተሩ ቢሮ ገብቶ "ሰው ፊት አዋረዱኝ" ብሎ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። ሊሰጠው ያሰበው የሆቴሉ ሥራም በዚያው ቀረ።

*

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ደስታዋን መሸሸግ አቅቷት ነበር። ወንድሟ ደውሎላታል።

"ዛሬ የወንድሜን ክብር ታስመልስለታለህ" አለችው፣ ሾርባ እየጨመረችለት። "ያ ሰውዬ ገንዘብ ስላለው ሰው መናቅ ይችላል መሰለው?"

"ሰውዬው እኮ ክፉ ላይሆን ይችላል" አለ።

"አሁን ደግሞ ጠበቃው ሆንክለት?"

"አይ፣ እንዲያው ነው።"

"እንዲያው አትበል። ልጁ ስንት ቀን ደጄ መጥቶ 'ልክ ነኝ አይደል?' እያለ ጠየቀኝ መሰለህ። ጋሼህ ካለ ልክ ነህ አልኩት።" ከማቀዝቀዣው ወተት አወጣችና ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር አመጣችለት። "እስኪ አሽትልኝ፤ የትናንት ወዲያ ነው።"

አሸተተ። ባዶ አየር ገባ፣ ባዶ አየር ወጣ።

"ደህና ነው" አለ።

ብርጭቋዋ ላይ ቀድታ ተጎነጨችና እየሮጠች ማጠቢያው ላይ ተፋችው። "ኧረ ጎሽ! ይኼ ደህና ነው? አንጀቴን ሊበጥሰኝ እኮ ነው!"

"ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር" አለ። አፏን እየጠረገች ትንሽ አተኩራ አየችው። እሱም ሾርባውን ግጥም አድርጎ "እጅሽ ይባረክ፣ ይጣፍጣል" ብሏት ተነሳ። ጨው ይኑረው አይኑረው እግዜር ይወቅ። ደረጃውን ሲወርድ ራሱን ተጸየፈ።

*

ዶክተሩ ሳሎን ሲደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። የዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ የዶክተሩ ሚስት መጋረጃዬ ጭስ ይሸታል እያለች ስለምታስቸግረው ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃው ተሰብስቦ በገመድ ይታሰራል። ራዲዮ የቴሌቪዥኑን ኮሜንታተር እየቀደመ ያወራል። ኮርኒስ ካናቴራውን ለውጦ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ፈተና ሊቀመጥ እንደመጣ ተማሪ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ኮንትራክተሩ ሲመጣ ሁሉም ብድግ አሉ። ሊቀመንበሩ በሐሳቡ ሆዳም፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ፣ ለመጥላት የሚመች ሰው ሥሎ ነበር። የመጣው ሰው ግን ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ወንበር ሲሰጡት "አትቸገሩ" የሚል ሽማግሌ ነው።

"ኳስ ላቋርጣችሁ አልፈልግም" አለ። "እኔ ቴሌቪዥን የማየው ዜናና የነጻ ትግል ብቻ ነው፤ ትግሉንም ውሸት ነው ይሉኛል።" ከደረት ኪሱ አንድ ሲጋር አወጣና በሁለት እጁ ለሊቀመንበሩ ዘረጋለት። "ይኸው፣ ከዚያው ሳጥን ነው። እኔ በዕውቀት አላጨስም፤ ውጭ አገር ያለው ልጄ ነው የላከልኝ። ለዚህ ልጅ የሰጠሁት ደስ ብሎኝ ነበር። አዋርጄው ከሆነ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

የሽማግሌው ልጅ ስጦታ! ይኼን ኮርኒስም አያውቅም ነበር፤ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየው፣ ወዲያው ደግሞ ጋሼውን አየ።

ሊቀመንበሩ ቅጠሉን በጣቶቹ ዳበሰ። ለስላሳ ነው፤ ዘይቱ ጣት ላይ ይቀራል፤ ስፌቱ አይታይም። ጣቱ ደግሞ አልሞተም፤ ጣቱ እውነቱን ነገረው። የዚያን ቀንም ነግሮት ነበር፤ አልሰማ ብሎ ነው እንጂ። ጫፉን ቆረጠ፣ ለኮሰ፣ ሳበ። ሙቀት። ሌላ ምንም የለም። ዓይኑን ጨፈነ። ራዲዮ እንኳ ወሬውን አቋረጠ፤ ኮሜንታተሩ ብቻውን ይጮኻል።

ፎርጅድ ነው ቢል፣ እኚህን ሰው ልጅዎ አታለለዎት ሊላቸው ነው። እውነተኛ ነው ቢል፣ ኮርኒስ በከንቱ ሰው ሰድቦ ሥራውን ያጣ ሞኝ ሊሆን ነው። ሦስተኛ መንገድ እንዳለም ያውቃል፤ አጭር ነው፤ "አይሸተኝም" ማለት ብቻ። ቃሉ እስከ ጉሮሮው ደረሰ። አፉን ከፈተ።

"ይኼኛው እውነተኛ ነው" አለ። "የጠራ ነው። ዘጠና ሁለት።"

የኮርኒስን ፊት ደም የሚባል ነገር ከዳው።

"የዚያን ቀኑም" አለ ሊቀመንበሩ፣ ምላሱ ከእሱ ቀድማ እየሮጠች፣ "የዚያን ቀኑም በመሠረቱ እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሲጋር አያያዝ ይፈልጋል። መጥፎ ቦታ ከተቀመጠ ይበላሻል፤ ያገኘውን ሽታ ይጠጣል፤ ደህና ቦታ ሲከርም ደግሞ ይለቀዋል። እስኪ የት ነበር ያስቀመጥከው?"

ኮርኒስ ትንሽ አሰበ። "መሣሪያዬን የማስቀምጥበት ክፍል" አለ። "ቀለምም አለ... ቲነርም አለ።"

"ይኸው!" አለ ራዲዮ። "ቲነር ነበር እኮ እኔንም የሸተተኝ!"

"በቃ፣ እሱ ነው" አለ ዶክተሩ፣ ነገሩ ያለ ጠብ በማለቁ ደስ ብሎት። "በእኔ መሳቢያ የሆነውን አላያችሁም? ያው ነው።"

ለሁሉም የሚበጅ ውሸት ነበር። ሽማግሌው አልተዋረደም፣ ልጁም አልተዋረደም፣ የሊቀመንበሩ አፍንጫ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ገነነ። ሊቀመንበሩ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ነው ያ ረጅም ልጅ ከሶፋው ብድግ ያለው።

ኮርኒስ ኮንትራክተሩ ፊት ቆመ። ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "የልጅዎን ስጦታ እኔው በራሴ ደደብነት አበላሽቼ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሰደብኩዎት። ሠራተኞችዎ ፊት። ጥፋቱ የእኔ ነው። አፈር ልብላ።"

"ተው፣ ተው፣ ቀና በል" አለ ሽማግሌው፣ ትከሻውን እየያዘው። "እኔም ተናድጄ ሥራውን መከልከል አልነበረብኝም። ሰኞ ናና እንነጋገር። ወጣት ነህ፤ ዕቃ አያያዝ ትማራለህ።"

"እማራለሁ ጋሼ።"

ሊቀመንበሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ! ሲጋሩ ጣቶቹ መሐል እየነደደ አመዱ ሱሪው ላይ ወደቀ። እዚያ ጎንበስ ማለት የነበረበት እሱ ነው። ያ የልጁ ረጅም ጀርባ፣ ያ አዲስ የተላጨ ማጅራት፣ የእሱን ውሸት ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል።

በዚህ መሐል ጎል ገባ። ራዲዮ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ጮኸ፤ ዶክተሩ አቀፈው፤ ሽማግሌውም የማንን ቡድን እንደሚደግፍ ሳያውቅ አጨበጨበ። ኮርኒስ ግን መጥቶ ከሊቀመንበሩ አጠገብ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ጋሼ፣ አንተንም አሳፈርኩህ አይደል?" አለው። "እኔ ያበላሸሁትን ነገር አንተ በስንት ዘዴ አቃናህልኝ። ይቅር በለኝ።"

 ሊቀመንበሩ ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ሲጋሩን ወደ ልጁ ገፋ አደረገለት።

"እንካ፣ ሳበው" አለ። "ምን ምን ይላል?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? አንተ እያለህ!"

"እኔ አላውቅም።"

"ምን?"

"አይሸተኝም አልኩህ!"

የጎሉ ጩኸት ስላልበረደ ልጁ አልሰማውም፤ ጆሮውን አስጠጋ። ሊቀመንበሩም ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ልክ ያን ጊዜ ደግሞ ዶክተሩ ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገው።

"አፍንጫዬ ሞቷል!"

ጩኸቱ ባዶ ሳሎን ውስጥ እንደወደቀ ትሪ ነበር። አራቱም ዞረው አዩት። አሁን መመለሻ የለም፤ ሊቀመንበሩ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ቀጠለ።

"ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም። ሲጋርም፣ ወተትም፣ ምንም። እናንተ ፊት ስቀባጥር ነው የከረምኩት። የሙዝ ቅጠል ያልኩትም ከራሴ ፈጥሬ ነው። ፎርጅድ አልነበረም። የተበላሸም አልነበረም።"

"የቲነሩስ ነገር?" አለ ኮርኒስ በቀስታ።

"እሱንም አሁን ነው የፈጠርኩት። እንዳልያዝ ብዬ። አንተ ላይ ላከክሁት።"

ዶክተሩ ሪሞቱን አስቀመጠ። "እኔ እንኳ... እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀኑ ሲጋር ጣፍጦኝ ነበር" አለ።

"ታዲያ ሙዝ ሙዝ ይላል ስትል የነበርከው ማነህ?" አለ ራዲዮ።

"አንተስ ቅርፊት ያልከው?"

ሁለቱም አፈሩና ቴሌቪዥኑን ማየት ጀመሩ። እዚያም ላይ ጎሉን በቀስታ እየደጋገሙ ያሳያሉ።

ሽማግሌው በትሩን ፈልጎ ተነሳ። ሊቀመንበሩን ይሰድበዋል ብለው ሲጠብቁ፣ ወደ ኮርኒስ ዞሮ "እንግዲያው ይቅርታ የጠየቅከኝን መልሰህ ውሰድ" አለው። "መሳደብህ መሳደብ ነው፤ ግን ያታለለህ ሌላ ነው። ሰኞ ግን አትቅር።" ሊቀመንበሩን ሲያልፍ ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም። ይኼ ከስድብ የባሰ ነበር።

ኮርኒስ እስከ በሩ ሸኘውና ተመለሰ። አልተቀመጠም። እዚያው በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ያን ሁሉ ቁመት ምን እንደሚያደርገው የጠፋበት ይመስል እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ አወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ሽንኩርቱም ለዚህ ነበር?" አለ።

"ለዚህ ነበር።"

"እኔ እኮ ጠዋት ቤቴ ሄጄ ሞክሬዋለሁ።" ማንም አልሳቀም። "ጋሼ፣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አፍንጫ ነው እኮ። ሰው ዓይኑ እንኳ ሲጠፋ ይናገራል፤ አንተ ራስህ መነጽር ታደርግለታለህ።"

"አፈርኩ" አለ ሊቀመንበሩ። 

"እህቴ እየጠበቀችኝ ነው። ልክ ሲያልቅ ደውልልኝ ብላኛለች።" ልጁ ስልኩን አወጣና ስክሪኑን ተመለከተ። "ምን ልበላት? እርቅ ወርዷል ብያት፣ ሌላውን ብተወውስ? አንተ የምትለኝን እላታለሁ።"

ይኸው! እንደገና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁ አሁንም የእሱን ቃል ይጠብቃል። ዶክተሩና ራዲዮም ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጆሯቸውን አቅንተዋል። ሚስቱ አሁን ማዕድ ቤት ቆማ፣ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ፣ ባሏ ወንድሟን እንዴት እንዳስከበረላት ልትሰማ ነው። እርቅ ወርዷል ቢባል ውሸት አይደለም። ዛሬ ማታ በደስታ ትቀበለዋለች።

"ምንም አትበላት" አለ ሊቀመንበሩ።

ስልኩን ከልጁ እጅ ወሰደና ቁጥሯን ነካ። ወደ በረንዳው ሊወጣ አንድ እግሩን አነሳ፤ መልሶ ከሰዎቹ መሐል ቆመ።

"ሃሎ፣ ወንድሜ! እህ፣ እንዴት ሆነ?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለ። "ወተቱን ስትሰጪኝ..." ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። "ቁጭ በይና ስሚኝ፤ ከወተቱ ልጀምርልሽ።"